አሮ እና ፓርኬ፦ ከፓይተን ወደ አር ዳታ ለማሻገር እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የሚሻለው

ሐዋሳ ላይ የሰርቬይ ዳታ የምትሰሩ፣ ቴሲስ የምታግዙ፣ ወይ ራሳችሁ ቴሲስ ላይ ያላችሁ ሁሉ ይሄን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የምጽፈው ስለ አፓቺ አሮ ነው፣ ማለትም ፓይተን እና አር በሚባሉት ሁለት የፕሮግራም ቋንቋዎች መሀል የሰንጠረዥ ዳታን ወዲያና ወዲህ ሳያበላሽ የሚያሻግር ነፃ ሶፍትዌር፣ አብረውት የሚሰሩትን ሁለት የፋይል አይነቶች ፌዘርን እና ፓርኬንም ጨምሬ። ከሱ በፊት ሲኤስቪ ነበር የምንጠቀመው፣ ሬቲኩሌት በሚባለው፣ አር ውስጥ ሆኖ ፓይተንን በሚጠራ ፓኬጅም በደንብ ሰርቻለሁ፣ ስለዚህ እያነጻጸርኩ ነው የምነግራችሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፣ ሁለት ቋንቋ በሚጠቀም ቡድን ውስጥ ሲኤስቪ መቅረት አለበት ባይ ነኝ፣ በፓርኬ ተኩት፣ ከዛ የምነግራችሁን ጥቂት ነገሮች ብቻ ተጠንቀቁ።

የኛ አሰራር እንዲህ ነው። ቢሮአችን አቶቴ አካባቢ ናት፣ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ፓይተን ነው እጁ የገባው፣ ከታብሌት የመጣውን ዳታ በፓንዳስ፣ ማለትም በፓይተን የሰንጠረዥ ፓኬጅ፣ እሱ ያጸዳል፣ እኔ ደግሞ ሞዴሉን በአር እሰራለሁ ምክንያቱም የሰርቬይ ዌይት እና ሚክስድ ሞዴል ላይ አርን የሚስተካከለው አላየሁም። ለምን ሁለታችሁም በአንድ ቋንቋ አትሰሩም የሚለን ሰው ብዙ ነው፣ ግን ሰው በደንብ የሚሰራው በሚችለው ነገር ነው፣ ዋናው ጥያቄ ዳታው ከሱ ላፕቶፕ ወደ እኔ ላፕቶፕ ሲመጣ ያው ዳታ ሆኖ መድረሱ ነው።

ሲኤስቪ ላይ ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ጽሁፍና ኮማ ብቻ ነው። ይሄ ኮለም ቁጥር ነው፣ ይሄ ቀን ነው፣ ይሄ ደረጃ ያለው ምድብ ነው የሚል ነገር የትም አልተጻፈም፣ ስለዚህ የሚያነበው ፕሮግራም ይገምታል፣ ፓይተን በራሱ ይገምታል አር በራሱ ይገምታል፣ ግምታቸው ሲለያይ ደግሞ የሚነግራችሁ የለም። አንድ ላሳያችሁ። የእናቶች የትምህርት ደረጃ የሚል ኮለም ነበረን፣ ያልተማረች፣ አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከፍተኛ ተብሎ ፓንዳስ ውስጥ በዚሁ ቅደም ተከተል በስርአቱ የተቀመጠ። በሲኤስቪ ወደ አር ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ጠፋ፣ አር ፋክተር ሲያደርገው፣ ማለትም ወደ ራሱ የምድብ አይነት ሲቀይረው፣ በፊደል ተራ ደረደረው፣ በፊደል ተራ ደግሞ "ሁ" ከ"አ" ይቀድማል፣ "አ" ከ"ከ" ይቀድማል፣ "ያ" ከሁሉም ኋላ ናት፣ በቃ ማነጻጸሪያው ሁለተኛ ደረጃ ሆነ፣ ያልተማረች የሚለው መጨረሻ ላይ ገባ። ሎጂስቲክ ሪግሬሽኑ ሲሮጥ ኤረር የለ ዋርኒንግ የለ፣ ሰንጠረዡ ቆንጆ ሆኖ ይወጣል፣ ኦድስ ሬሺዮው፣ አንዱን ምድብ ከማነጻጸሪያው ጋር የሚያወዳድረው ቁጥር፣ ግን እኛ ያሰብነውን ጥያቄ አይደለም የሚመልሰው። እነዚህ እናቶች ከማን ጋር ነው የተነጻጸሩት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካልተገኘ እንደዛው ሪፖርት ውስጥ ይገባል፣ እኔን የሚያስፈራኝም ይሄ ነው፣ እንደዚህ አይነት ስህተት ድምጽ የለውም።

በአሮ ሲያልፍ ግን የፓንዳሱ ካታጎሪካል፣ የምድብ ኮለሙ ማለት ነው፣ ከነቅደም ተከተሉ አር ላይ ፋክተር ሆኖ ይደርሳል። ፋይሉ ራሱ እያንዳንዱ ኮለም ምን አይነት እንደሆነ ተሸክሞ ነው የሚሄደው፣ የሚገምት የለም።

እዚህ ጋር ግን አንድ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ፓንዳስ የስቴታ፣ የሌላው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ፋይል ሲያነብ ሌብል ያለውን ኮለም ሁሉ ቅደም ተከተል ያለው ካታጎሪ አድርጎ ነው የሚያመጣው፣ ፆታንም ክልልንም ሳይቀር። አሮ ደግሞ ታማኝ ስለሆነ እንዳለ ያሻግረዋል፣ አር ላይ ኦርደርድ ፋክተር፣ ቅደም ተከተል ያለው ፋክተር፣ ሆኖ ይገባል፣ አር ደግሞ ኦርደርድ ፋክተርን ሪግሬሽን ውስጥ የሚያስገባው በሌላ ስሌት ነው፣ እና ውጤቱ ላይ አንደኛ ደረጃ ሁለተኛ ደረጃ የሚል ከመምጣት ይልቅ ኤል፣ ኪው፣ ሲ የሚሉ ፊደሎች የተለጠፉባቸው መስመሮች ታያላችሁ፣ ሊኒየር፣ ኳድራቲክ፣ ኪዩቢክ ማለት ነው። ያንን ስታዩ አትደንግጡ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። ወይ ፓንዳስ ላይ ስታነቡ ኦርደር የሚለውን አጥፉት ወይ አር ላይ ፋክተሩን ኦርደርድ አይደለም በሉት፣ ደረጃዎቹ ቦታቸውን ሳይለቁ ይስተካከላል።

የመለያ ቁጥር ነገር ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። የቤተሰብ መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እየተቀጣጠለ ነው የሚሰራው፣ 18 አሃዝ የሚሆን አለ፣ የድሮው ደቡብ ኮድ 07 ስለሆነ በ07 ይጀምራል። ሲኤስቪ ላይ መጀመሪያ ዜሮዋ ትጠፋለች፣ እሺ እሷን መመለስ ይቻላል። ቀጥሎ ግን ፓይተን ቁጥሩን ሙሉውን በ64 ቢት ኢንቲጀር፣ በሙሉ ቁጥር አይነት፣ ይይዘዋል፣ አር ደግሞ የራሱ ኢንቲጀር 32 ቢት ስለሆነ ከ2,147,483,647 በላይ የሆነውን ሁሉ ወደ ዳብል፣ ወደ ነጥብ ያለው ቁጥር አይነት፣ ይቀይረዋል፣ ዳብል ሙሉ ቁጥርን ሳያዛባ የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,992 ብቻ ነው፣ 16 አሃዝ። ዜሮዋ ጠፍታ በ70 የሚጀምር 17 አሃዝ ቁጥር እዛ ውስጥ ሲገባ በየ8 እየዘለለ ነው የሚቀመጠው። በተግባር ምን ማለት ነው፣ ጎን ለጎን ያሉ ቤተሰቦች አንድ አይነት መለያ ይይዛሉ፣ የአባላቱን ፋይል ከቤተሰቡ ፋይል ጋር ስታዋህዱ የአንዱ ልጆች ለሌላው ይሰጣሉ፣ ረድፉም ይባዛል። ፓይተን ላይ ስትቆጥሩት ልክ ነው አር ላይ ስትቆጥሩት ሌላ ነው። መሀል ላይ በኤክሴል ከፍታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁት ደግሞ ኤክሴል 15 አሃዝ ብቻ ነው የሚይዘው፣ የቀረውን ዜሮ ያደርገዋል።

አሮ ይሄን በደንብ ነው የሚይዘው፣ ትልቅ ኢንቲጀር ሲመጣ አር ላይ ቢት64 የሚባለውን ፓኬጅ ተጠቅሞ ሙሉውን ያስቀምጠዋል። ግን እውነቱን ለመናገር እሱም ላይ አልተማመንኩም፣ ፓኬጁ ሎድ ካልሆነ አንዳንድ የአር ፈንክሽኖች ያንን ኮለም ሲነኩት የማይረባ ቁጥር ያወጣሉ። የኔ ምክር አንድ ነው፣ መለያ ቁጥር ቁጥር አይደለም፣ አይደመር አይካፈል፣ ስለዚህ ከታብሌቱ ሲወርድ ጀምሮ ጽሁፍ አድርጉት። በአሮ ውስጥ ጽሁፍ የተባለ ኮለም እዛም ጽሁፍ ነው እዚህም ጽሁፍ ነው፣ ዜሮዋም አትጠፋም። ስልክ ቁጥርም እንደዛው።

ቀን። የኛ ሀገር ዳታ ላይ የሚሰራ ሰው ይሄን ጉዳይ ሳያነሳ ማለፍ አይችልም። ጠያቂዎቻችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚሞሉት፣ መሆንም ያለበት እንደዛ ነው፣ እናትየው ልጇን መቼ እንደወለደች የምታውቀው በኛ ወር ነው። ግን ጥቅምት 30 ማለት 30/2 ነው፣ ፓይተንም አርም ፌብሯሪ 30 ነው የሚመስላቸው፣ እንደዛ የሚባል ቀን የለም፣ ወይ ባዶ ያደርጉታል ወይ ኮለሙን እንዳለ ጽሁፍ ይሉታል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አይገባቸውም። ይሄ እንኳን ይታያል፣ የማይታየው ነው የከፋው፣ መስከረም 5 በጸጥታ ጃንዋሪ 5 ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ እኛ የምናደርገው የኢትዮጵያው ቀን በጽሁፍ እንዳለ ይቀመጣል፣ ፓይተኑን የሚሰራው ልጅ አንዴ ወደ ፈረንጅ ይቀይርና በሌላ ኮለም እውነተኛ የቀን አይነት አድርጎ በፓርኬ ይሰጠኛል፣ እኔ ጋ ቀን ሆኖ ይደርሳል፣ ሁለተኛ የሚገምት የለም። ሰአት የሌለውን ቀን በቀን አይነት ብቻ አስቀምጡት፣ የሌሊት 6 ሰአት ተብሎ ሰአት ከተጨመረበት ከኛ ሰአት ወደ ግሪንዊች ሲቀየር 3 ሰአት ወደኋላ ሄዶ ትናንት ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የኢትዮጵያ የስነ ህዝብና ጤና ጥናት ዳታ የምትጠቀሙ ተማሪዎች፣ 16,650 ቤተሰብ እና 15,683 ሴቶች ያሉበት፣ እሱ ላይ የልደት ወሮች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወር ኮድ ነው የተቀመጡት፣ ወደ ፈረንጅ ለማምጣት 92 ወር ትደምራላችሁ። መደመሩን ማን እንዳደረገው ተስማሙ፣ ፓይተን ላይም አር ላይም ከተደመረ ልጆቹ ሰባት አመት ከስምንት ወር አልፈው ይወለዳሉ። የሐዋሳ ልጆች ደግሞ እዛ ዳታ ላይ ሲዳማን ክልል ሆና አታገኟትም፣ ክልል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፣ ዳታው ላይ ያለችው ደቡብ ውስጥ ነው።

ፊደላችንን በተመለከተ አሮ ጽሁፍን ሁሉ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ አማርኛው አማርኛ፣ ሲዳሙ አፎውም እንደተጻፈ ሆኖ ይደርሳል። በሲኤስቪ ጊዜ ኤክሴል ስትከፍቱት የሚመጣውን ዝብርቅርቅ ምልክት የማያውቅ የለም። ዊንዶውስ ላይ ያለ የድሮ አር ደግሞ አማርኛውን ፊደል በፊደል ዩ ፕላስ እያለ በኮድ ያሳይ ነበር፣ ከአር 4.2 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. 2022 ላይ የወጣው፣ ይሄ ተስተካክሏል። ስለዚህ አሮን ከመጫናችሁ በፊት አራችሁን አዲስ አድርጉ፣ የድሮ አር ይዛችሁ ፋይሉን አትውቀሱ።

አሁን ስለ መጠን ላውራ፣ ምክንያቱም እኛ ፋይል የምንለዋወጠው በቴሌግራም ወይ በፍላሽ ነው፣ የሞባይል ዳታ ደግሞ ብር ነው። የኛ ፊደል አንዷ በዩቲኤፍ 8 ሶስት ባይት ትይዛለች፣ ሲዳማ የምትለዋ ሶስት ፊደል 9 ባይት ነች፣ ሚሊዮን ረድፍ ካላችሁ ለዛ አንድ ቃል ብቻ 9 ሜጋባይት ሲኤስቪው ውስጥ ይሄዳል። ፓርኬ ግን ዳታውን በኮለም በኮለም ስለሚያስቀምጥ ተደጋጋሚ ቃልን አንዴ ይጽፈውና ከዛ በኋላ በትናንሽ ቁጥር ነው የሚጠቁመው፣ በዛ ላይ ይጨመቃል። የክልል፣ የወረዳ፣ አዎ አይደለም የሚሉ ኮለሞች በሞሉበት ሰርቬይ ላይ ልዩነቱ በአይን የሚታይ ነው፣ ቴሌግራም ላይ ስትልኩት ታውቁታላችሁ። ሌላው የወደድኩት ነገር ሙሉውን ፋይል መክፈት አያስፈልግም፣ የምፈልጋቸውን ኮለሞች ብቻ ጠርቼ አነባለሁ፣ 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ለሚሰራ ተማሪ ይሄ መስራትና አለመስራት ነው። ዳታው ከዛም ከበለጠ አር ላይ ዳታሴቱን ሳይጭን ከፍቶ ዲፕላየር በሚባለው የአር ፓኬጅ ፊልተር አድርጎ የተረፈውን ብቻ ማምጣት ይቻላል።

ፌዘር ወይስ ፓርኬ ለምትሉ። ፌዘርን እ.ኤ.አ. 2016 ላይ ያወጡት ዌስ ማኪኒ እና ሃድሊ ዊክሃም ናቸው፣ አንደኛው ፓንዳስን የጀመረ ሌላኛው ጂጂፕሎትን፣ የአርን የግራፍ ፓኬጅ፣ የሰራ፣ አንዱ የፓይተን አንዱ የአር ሰው ሆነው እንደኛ ቢሮ በመሀላቸው ዳታ ማሻገር ስለፈለጉ የተሰራ ነገር ነው፣ ለዛም ነው ይመስለኛል ልክ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ የሚሰራው። የመጀመሪያው እትም ብዙ ነገር ይጎድለው ነበር፣ 2020 ላይ የወጣው ሁለተኛው እትም ነው የአሮን አይነቶች በሙሉ የሚይዘው፣ መጭመቅም የጀመረው። ፌዘር ለመጻፍና ለማንበብ ፈጣን ነው፣ አንድ ላፕቶፕ ላይ ስክሪፕት ከስክሪፕት ሲቀባበል እሱን ነው የምጠቀመው። ለመላክና ለማስቀመጥ ግን ፓርኬ፣ ፋይሉ ያንሳል፣ ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞችም ያነቡታል።

ያልወደድኩትን ደግሞ ልንገራችሁ። አንደኛ ጭነቱ። ፓይአሮ የሚባለው የፓይተኑ የአሮ ፓኬጅ በአስሮች ሜጋባይት ነው፣ የአሩም ትንሽ አይደለም፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰአት ብትጀምሩት ትናደዳላችሁ፣ ጠዋት በጊዜ አውርዱት። ዊንዶውስ ላይ የተዘጋጀው ስለሚወርድ ችግር የለውም፣ ሊኑክስ ላይ ግን አር ፓኬጁን ከሶርስ መገንባት ከጀመረ ረጅም ሰአት ይፈጃል፣ መብራት መሀል ላይ ከሄደ እንደገና ከዜሮ ነው፣ ስለዚህ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ተገንብቶ ያለቀውን ከሚሰጥ ሪፖዚተሪ ብቻ አውርዱ።

ሁለተኛ የፓንዳስ ባዶ ቦታ ጉዳይ። የልጆች ብዛት የሚል የኢንቲጀር ኮለም ላይ አንድ እናት ብቻ መልስ ካልሰጠች ፓንዳስ ኮለሙን በሙሉ ወደ ነጥብ ያለው ቁጥር ይቀይረዋል፣ 3 የነበረው 3.0 ይሆናል። አሮ ራሱ ባዶን ከኢንቲጀር ጋር መያዝ ይችላል፣ አርም ይችላል፣ ችግሩ ፓንዳስ ጋ ሲደርስ ነው የሚፈጠረው። ከፓንዳስ 2.0 ጀምሮ፣ 2023 ላይ የወጣው፣ ፋይሉን ስታነቡ ዲታይፕ ባክኤንድ የሚለውን ፓይአሮ ካላችሁት ኢንቲጀሩ ኢንቲጀር ሆኖ ይቀራል። ይሄ ያለ ምንም ትእዛዝ የሚሰራ ቢሆን ደስ ባለኝ፣ ሰው ካልነገረው ማንም አያገኘውም።

ሶስተኛ የፓንዳስ ኢንዴክስ፣ ፓንዳስ ለየረድፉ የሚሰጠው መለያ ማለት ነው። ረድፍ ከቀነሳችሁ በኋላ በቀጥታ ወደ ፌዘር ልጻፍ ስትሉ ከ2.1 በፊት ያለ የድሮ ፓንዳስ ኤረር ነው የሚሰጣችሁ፣ ኢንዴክሱን ሪሴት አድርጉ ይላል። ፓርኬ ዝም ብሎ ይጽፈዋል ግን አር ላይ ስትከፍቱት ኢንዴክስ ሌቭል ዜሮ የሚል ያልጠራችሁት ኮለም መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ሲጻፍ ኢንዴክስ አይካተት ማለት ነው መፍትሄው።

ሬቲኩሌትን ለሚጠይቁኝ፣ መጥፎ አይደለም፣ ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ሪፖርት ለሚጽፍ አንድ ሰው በጣም አሪፍ ነው። ግን ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ፓይተኖች የቱን እንዳገኘ መጀመሪያ ማጣራት አለባችሁ፣ አናኮንዳ የሚባለው የፓይተን ጥቅልም ሌላውም ካለ ፓንዳስ የለም እያለ ያደክማችኋል። የፓንዳሱን ሰንጠረዥ ወደ አር ሲያመጣም ኮፒ ስለሚያደርግ ራሙ እጥፍ ይሄዳል፣ የአሮን ሰንጠረዥ በሬቲኩሌት ካሳለፋችሁት ግን ኮፒ ሳይደረግ ሁለቱም አንዱኑ ሚሞሪ ያያሉ፣ ይሄን ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሁለት ሰው በሁለት ላፕቶፕ ለሚሰራበት እንደኛ ላለ ቢሮ ግን ፋይል መቀባበል ይሻላል፣ ፋይሉ ይቀመጣል፣ ከወር በኋላ አማካሪው የትኛውን ዳታ ነው የተጠቀማችሁት ሲል አውጥታችሁ ታሳያላችሁ።

አንድ ልማድ ጨምሩበት፣ እኛ ፋይል ስንሰጣጣ ልጁ የረድፉን ብዛት፣ የተለያዩ መለያ ቁጥሮችን ብዛት፣ የአንድ ሁለት ኮለም ድምርና የባዶውን ቁጥር ከፋይሉ ጋር ቴሌግራም ላይ ይጽፍልኛል፣ እኔ አር ላይ ከፍቼ ያው መሆኑን ሳላይ ምንም አልጀምርም። ደቂቃ አይፈጅም።

አማካሪያችሁ ስቴታ ብቻ ነው የምቀበለው ካላችሁ ደግሞ ፓርኬውን ይዛችሁ አትሂዱ፣ መጨረሻ ላይ ከፓንዳስ ወደ ስቴታ ጻፉለት፣ ግን ቨርዥኑን 118 በሉት ምክንያቱም ፓንዳስ ካልተነገረው የሚጽፈው የድሮውን 114 ነው፣ እሱ ፊደላችንን አይቀበልም፣ ስቴታ ዩኒኮድ የጀመረው ከስቴታ 14 ነው። የኮለም ስምም ከ32 ፊደል አይብለጥ። አማካሪው ጋ ያለው ስቴታ 13 ከሆነ ግን 118 አይከፈትለትም፣ ስለዚህ በድሮው ጽፋችሁ አማርኛውን በቁጥር ኮድ ቀይራችሁ ሌብሉን በእንግሊዝኛ አድርጉለት፣ ሌላ መንገድ የለውም።